ጅብ ከሄደ በኋላ እንዳንጮህ፦ የጡረታ ገንዘባችንን ማን ይጠብቃል?

(በቀድሞ ተማሪዎች ማኅበራችን ዓመታዊ የመገናኛ ቀን ላይ የተደረገ ንግግር። ለዚህ መጽሔት ሲዘጋጅ በመጠኑ ታርሟል።)



 አዘጋጆቹ ደውለው ስለምን እንደምናገር ሲጠይቁኝ "ስለ ጡረታ" አልኳቸው። "እንዴ! እኛ እኮ ገና ነን" ብለው ሳቁብኝ። ዛሬ ጠዋት በር ላይ ቆሜ የምትገቡትን ሳይ ግን ርዕሱ ያለቦታው እንዳልመጣ ገባኝ። በ1989 ዓ.ም. ከአራት ኪሎ በስታቲስቲክስ አብረውኝ የተመረቁት ጓደኞቼ ግማሾቹ ሸብተዋል፤ ግማሾቹ ደግሞ የሚሸብት ፀጉር አልቀራቸውም። ያስተማሩን መምህራን ከፊት ወንበር ተቀምጠዋል፤ አብዛኞቹ ጡረታ ወጥተዋል። ስለዚህ የማወራው ስለ ሩቅ ነገር አይደለም።

ነገሩን በአባቴ ልጀምር። አባቴ ደብረ ብርሃን የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ነበር። በ1994 ዓ.ም. ጡረታ ሲወጣ ሰማያዊ ደብተር ገዝቶ በየወሩ ሁለት ነገር ይጽፍበት ጀመር፤ የተቀበለውን የጡረታ አበልና የዚያን ወር የአንድ ኪሎ ጤፍ ዋጋ። ለምን እንደሚጽፍ ስጠይቀው "አንተ አይደለህ እንዴ ስታቲስቲክስ የተማርከው? አንድ ቀን ታሰላልኛለህ" አለኝ። እሱ ካረፈ በኋላ ደብተሩን ወሰድኩና አሰላሁት። በአበሉ ላይ አልፎ አልፎ ጭማሪ ተደርጎበታል፤ ከብሩ ላይ የጎደለ አንድም ሳንቲም የለም። የሚገዛው ጤፍ ግን ከዓመት ዓመት እያነሰ ሄዷል። ማንም አልሰረቀውም፤ ያጠፋ ሰው ልጠቁም ብል አላገኝም። ገንዘቡ ግን በቦታው የለም።

እኔ ደግሞ በአጋጣሚ የሥራ ዘመኔን በዚሁ ጉዳይ ላይ አሳለፍኩት። ለሁለተኛ ዲግሪ ወደ እንግሊዝ ሄጄ እዚያው ቀረሁ፤ ለጡረታ ፈንዶች ስሌት በሚሠራ ድርጅት ውስጥ ተቀጠርኩ። በኋላም የራሴ መሥሪያ ቤት ሠራተኞች መርጠውኝ የጡረታ ፈንዳችን ባለአደራ ሆንኩ። ዛሬ የማካፍላችሁ እዚያ ያየሁትን ነው፤ በመጨረሻ ወደ አገራችን እመለሳለሁ። ጥያቄዬ አንድ ነው። የጡረታ ገንዘብን እንዲቆጣጠር የተሾመ አካል አደጋ ሲመጣ ምን ያደርጋል? የሚያደርገውስ መቼ ነው?

የእድር ሕግና የማክስዌል ታሪክ

ሁላችሁም እድር ታውቃላችሁ። በደንበኛ እድር ዳኛው፣ ጸሐፊውና ገንዘብ ያዡ አንድ ሰው አይሆኑም። ገንዘብ ያዡ የቱንም ያህል ታማኝ ቢሆን ደብተሩን ሌላ ሰው ይይዛል፤ ገንዘቡም ያለ ዳኛው ፊርማ አይወጣም። አያቶቻችን ይህን ሲያደርጉ "የቁጥጥር ሥርዓት ዘረጋን" አላሉም። የሰውን ባሕርይ ስለሚያውቁ ነው።

እንግሊዞች ይህንኑ ትምህርት በብዙ ገንዘብ ገዙት። ሮበርት ማክስዌል የሚባል የጋዜጣ ከበርቴ ነበር፤ ሚረር ጋዜጣ የእሱ ነው። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1991 በካናሪ ደሴቶች አካባቢ ከመርከቡ ጠፍቶ ሬሳው ባሕር ላይ ተገኘ። እሱ ከተቀበረ በኋላ ሒሳቡ ሲገላበጥ ከሠራተኞቹ የጡረታ ፈንዶች ከ400 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ጎድሎ ተገኘ። ሰውየው ዕዳ ውስጥ የገቡትን ኩባንያዎቹን ለማዳን በጡረታ ገንዘቡ ሲጠቀም ኖሯል። እንዴት ቻለ ብትሉ፣ አሠሪውም እሱ፣ የባለአደራዎቹ አለቃም እሱ፣ ገንዘቡን የሚያስተዳድረው ድርጅት ባለቤትም እሱ ነበር። በእኛ አነጋገር ዳኛውም ጸሐፊውም ገንዘብ ያዡም አንድ ሰው ሆነ። ወደ 32,000 የሚሆኑ ሠራተኞችና ጡረተኞች ጉዳዩ ነካቸው።

ከዚያ በኋላ መንግሥት ምን አደረገ? ኮሚቴ አቋቋመ። በፕሮፌሰር ሮይ ጉድ የሚመራው ኮሚቴ በ1993 ሪፖርቱን አቀረበ፤ በ1995 የጡረታ ሕግ ወጣ። በሕጉ መሠረት ቢያንስ አንድ ሦስተኛው ባለአደራ በአባላት የሚመረጥ ሆነ፤ እኔም በዚያ በር ነው የገባሁት። ኦፕራ በሚል አጭር ስም የሚታወቅ ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን ተቋቁሞ በ1997 ሥራ ጀመረ። ፈንዶችም ቢያንስ ይህን ያህል ገንዘብ መያዝ አለባችሁ የሚል ገደብ ተጣለባቸው።

መልካም ነው። ግን ሁሉም ነገር የተሠራው ሌላ ማክስዌል እንዳይመጣ ተብሎ ነው። ቀጣዩ አደጋ ደግሞ ማክስዌልን አልመሰለም። በ2002 ካርዲፍ ውስጥ አላይድ ስቲል ኤንድ ዋየር የተባለ የብረት ፋብሪካ ከሰረ። ማንም አልሰረቀም፤ ሕጉም በግልጽ አልተጣሰም። ኩባንያው ሲወድቅ ፈንዱ ውስጥ ያለው ገንዘብ ለሁሉም አልበቃም፤ እዚያ ብረት ሲያቀልጡ የኖሩና ጡረታቸው ሊደርስ ጥቂት ዓመት የቀራቸው ሰዎች ከተነገራቸው እጅግ ያነሰ ነገር ጠበቃቸው። ኦፕራ ያኔ በዋናነት ፎርም በጊዜው ገባ አልገባ የሚለውን ሲያይ ነበር። ፎርሙ ገብቷል፤ ጡረታው ግን የለም።

እንደገና ሕግ ወጣ፤ የ2004ቱ። ኦፕራ ፈረሰና በ2005 የዛሬው የጡረታ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ተተካ። ይኼኛው አደጋ አለበት በሚለው ፈንድ ላይ እንዲያተኩር፣ አስፈላጊ ሲሆንም ከፈንዱ አልፎ የአሠሪውን ኪስ እንዲጠይቅ ሥልጣን ተሰጠው። አብሮትም የጡረታ መጠበቂያ ፈንድ ተቋቋመ፤ ጤነኞቹ ፈንዶች መዋጮ እንዲከፍሉ ተደረገ፣ አሠሪው ከስሮ ሜዳ ላይ የቀረውን ፈንድ እሱ ይረከባል። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ብዙ ቤተሰብ አድኗል።

ሥልጣን በወረቀት መኖሩ ብቻ ግን አይበቃም። ቢ ኤች ኤስ የተባለው የሱቆች ኩባንያ በ2015 በአንድ ፓውንድ ተሸጠ፤ አዎ፣ በአንድ ፓውንድ። በቀጣዩ ዓመት ከሰረ። የጡረታ ፈንዱ ጉድለት 571 ሚሊዮን ፓውንድ ነበር። የፓርላማ ኮሚቴዎች ባለቤቶቹን ብቻ ሳይሆን ተቆጣጣሪውንም ዘግይተሃል ብለው ወቀሱ። ከብዙ ግፊት በኋላ የቀድሞው ባለቤት በ2017 እስከ 363 ሚሊዮን ፓውንድ ለመክፈል ተስማማ። ሥልጣኑ ከጥንትም ነበር፤ የዘገየው እጁ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኼ ነው።

በመፍትሔው ውስጥ የተደበቀው አደጋ

እስካሁን የነገርኳችሁን ሌላ ሰውም ሊነግራችሁ ይችላል። ቀጥሎ ያለውን ግን እኔው ራሴ ስላለሁበት ነው የምነግራችሁ።

ከ20 ዓመት በኋላ ለሚከፈል ጡረታ ዛሬ ስንት ማስቀመጥ ያስፈልጋል? መልሱ በወለድ ይወሰናል። ወለድ ከፍ ካለ ጥቂት ይበቃል፤ ገንዘቡ ራሱ ያድጋል። ወለድ ዝቅ ካለ ብዙ ማስቀመጥ ግድ ነው። ከ2008ቱ የፋይናንስ ቀውስ በኋላ በእንግሊዝ ወለድ ለዓመታት ወለል ላይ ተኛ። ፈንዶች በወረቀት ላይ ጉድለታቸው አበጠ፤ ሕጉ፣ የሒሳብ አያያዝ ደንቡና ተቆጣጣሪው ደግሞ ጉድለታችሁን አጥቡ፣ ዕዳችሁና ንብረታችሁ እኩል ይራመዱ ይላሉ።

አማካሪዎች መላ አመጡ። ኤል ዲ አይ ይባላል። ነገሩ እንዲህ ነው። የረጅም ጊዜ የመንግሥት ቦንድ ዋጋ ከጡረታ ዕዳው ጋር አብሮ ይወጣል፣ አብሮ ይወርዳል። ስለዚህ ቦንድ ግዛ። ግን ገንዘቡን ሁሉ ቦንድ ውስጥ ካስገባህ ጉድለቱን የሚሞላ ትርፍ አታገኝም። እንግዲያው ያለህን ቦንድ ማስያዣ አድርገህ ተበደርና ሌላ ቦንድ ግዛ፤ በቀረህ ገንዘብ አክሲዮን ያዝ። በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ! ችግሩ፣ የቦንድ ዋጋ በወረደ ቁጥር አበዳሪው ማስያዣ ጨምር ይላል፤ ያውም በቀናት ውስጥ፣ በጥሬ ገንዘብ።

እኛም ትንሽ ፈንድ ነበርን፤ አማካሪው አቀረበልን፣ ፈረምን። ያን ዕለት ከባለአደራዎቹ መካከል ሒሳብ የተማርኩት እኔ ብቻ ነበርኩ። ሰነዱ ውስጥ ስለ ብድሩ አንድ ገጽ አለ፤ አንብቤዋለሁ። "ወለድ በአንድ ሳምንት ውስጥ በጣም ቢዘልስ ገንዘቡን ከየት እናመጣለን?" የሚለው ጥያቄ አእምሮዬ ላይ መጥቷል። አልጠየቅሁም። ለምን? እውነቱን ልናገር፤ የማላውቅ እንዳልመስል ፈርቼ ነው። ሌሎቹ ደግሞ የሒሳብ ሰው ካልጠየቀ ነገሩ ደህና ነው ብለው ዝም አሉ። ሁላችንም ዝም አልን፤ ቃለ ጉባኤው ላይ "በሙሉ ድምፅ ተወሰነ" ተብሎ ሰፈረ።

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 23 ቀን 2022 የእንግሊዝ መንግሥት ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ያልተነገረ ትልቅ የግብር ቅነሳ አወጀ። ገበያው ደነገጠ። የ30 ዓመት ቦንድ ወለድ በጥቂት ቀናት ከ1 በመቶኛ ነጥብ በላይ ዘለለ፤ በዓመት እንኳ ብዙም የማይታይ ነገር ነው። ማክሰኞ ጠዋት ኢሜይል ደረሰን፤ እስከ ሐሙስ ገንዘብ ላኩ ይላል። ባለአደራዎቹ በስልክ ተሰበሰብን። ያለንን ቆጠርን። አንዱ ገንዘባችን ሕንፃ ላይ ነው፤ ለማውጣት ወራት ይፈጃል። ሌላው አክሲዮን ነው፤ ገንዘቡ እጃችን እስኪገባ ሐሙስ ያልፋል። ቶሎ የሚሸጠው የኩባንያ ቦንዳችን ነበር፤ ሁሉም ሰው በዚያው ቀን እየሸጠ ስለነበር በርካሽ ሄደ። የተበደርነውንም ቀነስን፤ ማለትም የለበስነውን ጋሻ በውጊያው መሐል አወለቅን።

የሚያስቀው ደግሞ፣ የሚያስቅ ከሆነ፣ ወለድ ሲጨምር የጡረታ ዕዳው ስለሚቀንስ ያን ሳምንት ፈንዶች በወረቀት ላይ ሀብታም እየሆኑ ነበር። ጎተራው ሙሉ ነው፤ ድስት ውስጥ የሚገባ ግን የለም። በሺህ የሚቆጠሩ ፈንዶች ማስያዣ ፍለጋ በአንድ ላይ ቦንድ ሲሸጡ ዋጋው ይብስ ወረደ፤ ዋጋው ሲወርድ እንደገና ማስያዣ ጨምሩ ተባሉ። አዙሪት ሆነ።

ሴፕቴምበር 28፣ ረቡዕ፣ የእንግሊዝ ማዕከላዊ ባንክ ገባ። እስከ 65 ቢሊዮን ፓውንድ የሚደርስ ቦንድ መግዛት እችላለሁ አለ፤ እስከ ኦክቶበር 14 ድረስ የገዛው 19.3 ቢሊዮን ብቻ ነው። አለሁ ማለቱ ራሱ ገበያውን አረጋጋው። የቦንድ ዋጋ ተመልሶ ሲወጣ ጋሻችንን አውልቀን ስለነበር እኛ ከዚያ አልተጠቀምንም። የጡረተኞቻችን አበል አንድም ቀን አልተቋረጠም፤ ያን ሳምንት ግን ለዓመታት የተጠራቀመ ነገር አጣን።

በዚያው ሰሞን መጋዘን ውስጥ 31 ዓመት ሠርተው ጡረታ የወጡ እናት ካፍቴሪያ አገኙኝ። ዜናውን በቴሌቪዥን አይተዋል። "ገንዘባችን አለ አይደል?" አሉኝ። "አለ" አልኳቸው። መልሱ ውሸት አልነበረም። ግን ስናገር የማላውቀውን ነገር እንደማውቅ አድርጌ እንደሆነ ይሰማኝ ነበር፤ እስከ ዛሬ ይሰማኛል።

ተቆጣጣሪው የት ነበር?

ይህን ጥያቄ ሁሉም ጠየቀ። መልሱ "ተኝቶ ነበር" የሚል ቢሆን ቀላል ነበር። አልተኛም። የማዕከላዊ ባንኩ የፋይናንስ ፖሊሲ ኮሚቴ ገና በ2018 እንዲህ ዓይነት ፈንዶች ድንገት ገንዘብ ሊያጥራቸው እንደሚችል ጠቅሶ ነበር። ባለአደራዎችን የሚቆጣጠረው አንዱ መሥሪያ ቤት ነው። የኤል ዲ አይ ገንዘቡን የሚያስተዳድሩትን ድርጅቶች የሚቆጣጠረው ሌላ ነው። ገንዘቡ የተቀመጠባቸው ፈንዶች ደግሞ በአብዛኛው የተመዘገቡት አየርላንድና ሉክሰምበርግ ነው፤ ተቆጣጣሪያቸውም እዚያ ነው። ሁሉም የየራሱን አጥር ሲጠብቅ አደጋው በአጥሮቹ መካከል ባለችው ቀጭን መንገድ አለፈ።

ከዚያስ? በማርች 2023 የማዕከላዊ ባንኩ ኮሚቴ፣ እነዚህ ፈንዶች ወለድ ቢያንስ በ2.5 በመቶኛ ነጥብ ቢዘል የሚያስችል መጠባበቂያ ይኑራቸው አለ። በሚቀጥለው ወር የጡረታ ተቆጣጣሪው ይህንኑ ለባለአደራዎች መመሪያ አድርጎ አወጣ፤ ገንዘብ በአስቸኳይ ሲጠየቅ ማን ይፈርማል፣ ከየትኛው ሒሳብ ይወጣል፣ በስንት ቀን ይደርሳል የሚለውን ቀድማችሁ ጻፉ አለ። በ2024 አየርላንድና ሉክሰምበርግ በበኩላቸው 3 በመቶኛ ነጥብ ብለው ደነገጉ። ጥሩ ሕጎች ናቸው። ግን ልብ በሉ፤ የ2022ቱን መዝለል ለክተው የተሰፉ ናቸው።

እነዚህን 30 ዓመታት አንድ ላይ ስታዩዋቸው የሚታየው ይህ ነው። ከሌባ ለመጠበቅ ሕግ ወጣ፤ አደጋው በኪሳራ በኩል መጣ። ከኪሳራ ለመጠበቅ ጉድለታችሁን አጥቡ ተባለ፤ ጉድለት ለማጥበብ የተበደሩት ብድር ራሱ አደጋ ሆነ። ተቆጣጣሪ ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። ሕግ የሚጻፈው ከደረሰ ጉዳት ነው፤ ያልደረሰን ጉዳት ማስረጃ አቅርበህ ፓርላማ ማሳመን ከባድ ነው። ስለዚህ በሁለት ጉዳቶች መካከል ያለውን ጊዜ የሚጠብቅ ሌላ ዓይን ያስፈልጋል። ያ ዓይን ገንዘቡ የእሱ የሆነው ሰው ነው። እኔ ያን ዕለት እንዲያ እንድሆን ነበር የተመረጥኩት።

ወደ ቤታችን ስንመለስ

የእኛ አገር የጡረታ ሥርዓት ከእንግሊዙ በጣም ይለያል። የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ በአዋጅ ቁጥር 209/1955 የተጀመረ የቆየ ነገር ነው። የግል ድርጅት ሠራተኛው ግን እስከ 2003 ዓ.ም. ድረስ ጠብቋል፤ በአዋጅ ቁጥር 715/2003 ገባ። ዛሬ ሠራተኛው ከደመወዙ 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ ያዋጣሉ። በ2014 ዓ.ም. የመንግሥትም የግል ድርጅትም ሠራተኞች የጡረታ አዋጆች በአዲስ ተተክተዋል። በዚህ ሥርዓት አበሉ የሚሰላው በአገልግሎት ዘመንና በመጨረሻዎቹ ዓመታት ደመወዝ ነው፤ ማንም ማክስዌል ኪሱ አያስገባውም፤ የኤል ዲ አይ ብድርም የለበትም። እነዚህ ትልልቅ በረከቶች ናቸው፤ አናቃልላቸው።

ታዲያ የእኛ አደጋ ምንድን ነው? የአባቴ ደብተር ላይ ያለው ነው።

ለብዙ ዓመታት የጡረታ መዋጮ በዋናነት የሚቀመጠው በመንግሥት የግምጃ ቤት ሰነድ ነበር። የሰነዱ ወለድ ከዋጋ ንረቱ እጅግ ያነሰ ነበር፤ ሰነዱ በገበያ ዋጋ በጨረታ መሸጥ የጀመረው በ2012 ዓ.ም. ነው። የዋጋ ንረቱ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2011ም በ2022ም በዓመት አማካይ ከ30 በመቶ በላይ ደርሷል። እስቲ በቀላል ሒሳብ እንየው። 100 ብር በ3 በመቶ ወለድ ለ10 ዓመት ብታስቀምጡ 134 ብር ይሆናል። በዚያው 10 ዓመት ዋጋ በየዓመቱ 15 በመቶ ከጨመረ ግን፣ መጀመሪያ በ100 ብር ትገዙት የነበረውን ለመግዛት 405 ብር ያስፈልጋል። እጃችሁ ላይ ያለው 134 ብር የድሮውን 33 ብር ያህል ይገዛል። ሁለት ሦስተኛው ሄደ፤ ኦዲተር ቢመጣ የጎደለ ነገር አያገኝም። የመንግሥት ሰነድ ከሁሉ የተጠበቀ ንብረት ነው እንላለን። ከምን የተጠበቀ? ከሌባና ከኪሳራ። ከጤፍ ዋጋ ግን አይጠብቅም።

ወደፊት ደግሞ መንገዱ ይሰፋል። የካፒታል ገበያ ባለሥልጣን በአዋጅ ቁጥር 1248/2013 ተቋቁሟል፤ የሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያውም በጥር 2017 ዓ.ም. ተከፍቷል። ትልቅ የረጅም ጊዜ ገንዘብ ያለው ሁሉ ወደዚያ ማየቱ አይቀርም። ይህ ለጡረተኛው ተስፋ ነው፤ አዲስ አደጋም ነው። አክሲዮን ይወርዳል፤ ሕንፃ ቶሎ አይሸጥም። ገንዘቡን የሚያስተዳድረው፣ የሚያስቀምጠውና የሚቆጣጠረው እጅ መለያየት ያለበት ገንዘቡ ከመንቀሳቀሱ በፊት ነው። ኬንያዎች በ1997 ባወጡት ሕግ ይህንኑ አድርገዋል፤ የጡረታ ጥቅማ ጥቅም ባለሥልጣን አቋቁመው ገንዘብ የሚያንቀሳቅሰውንና ንብረት የሚያስቀምጠውን አካል ለዩ፤ በየዓይነቱ ኢንቨስትመንት ላይም ጣሪያ አበጁ። ሥርዓታቸው እንከን የለውም አልልም፤ ቢያንስ ግን የእድሩን ሕግ ጽፈውታል።

በፕሮቪደንት ፈንድ ያላችሁም እዚህ ትኖራላችሁ፤ በተለይ በግል ድርጅትና በእርዳታ ድርጅት የምትሠሩ። ገንዘባችሁ በየትኛው ባንክ፣ በማን ስም፣ በስንት ወለድ እንደተቀመጠ የምታውቁ እስቲ እጃችሁን አውጡ። (ጥቂት እጆች ወጡ።) አያችሁ? እኔም ያን ዕለት እንዲሁ ነበርኩ።

ስለዚህ ሦስት ጥያቄ ትቼላችሁ ልሂድ። በየትኛውም ፈንድ ውስጥ ሆናችሁ ጠይቋቸው።

አንደኛ፣ ገንዘቡ የት ነው፣ በማን ስም ነው? የሚያስተዳድረውና የሚያስቀምጠው እጅ አንድ ከሆነ፣ ማክስዌልን አስታውሱ።

ሁለተኛ፣ ድንገት ቢያስፈልግ በስንት ቀን በእጅ ይገባል? "ንብረት አለን" የሚለው መልስ አይበቃም። እኛም ሕንፃ ነበረን።

ሦስተኛ፣ ከዋጋ ንረቱ በኋላ ባለፉት ዓመታት ስንት ተረፈ? የብሩን ቁጥር አትቀበሉ፤ የጤፉን ጠይቁ።

መምህሮቻችን ሆይ፣ ለእናንተ ደግሞ ልመና አለኝ። በስታቲስቲክስ፣ በኢኮኖሚክስና በአካውንቲንግ የሚመረቁ ልጆች በየዓመቱ የመመረቂያ ጽሑፍ ይጽፋሉ። ከእነሱ ጥቂቶቹ የጡረታ ስሌት ላይ ቢሠሩ፣ የአንድ ትውልድ መምህራንን አበል ከገበያ ዋጋ ጋር ቢያመዛዝኑ፣ አንድ ቀን ተቆጣጣሪ የሚሆነው ሰው የሚያነበው ነገር ያገኛል። ሕግ ከደረሰ ጉዳት ነው የሚጻፈው ብያለሁ፤ ጥናት ግን ያልደረሰውንም ሊያሳይ ይችላል። የአባቴን ደብተር ፎቶ ኮፒ አምጥቻለሁ፤ ለትምህርት ክፍሉ ትቼ እሄዳለሁ። አንድ ተማሪ ከእሱ ቢጀምር አባቴ ደስ ይለው ነበር።

የመጨረሻዋ ቃሌ ለማኅበራችን ናት። ዛሬ ጠዋት ገንዘብ ያዣችን ስለ መረዳጃ ፈንዳችን ሪፖርት ሲያቀርቡ ሁላችንም አጨበጨብን፤ እኔም አጨበጨብኩ። ጥያቄ የጠየቀ ሰው ግን አልነበረም። ገንዘብ ያዣችን የማምናቸው፣ የማከብራቸው ወንድሜ ናቸው፤ ሻይ ሰዓት ላይ ይህን እንደምናገር ነግሬያቸው "ተናገር፣ እኔም ብቻዬን ስይዘው ሌሊት አያስተኛኝም" አሉኝ። እንግዲህ ከምሳ በኋላ በሚደረገው ስብሰባ ሁለት ነገር እንዲወሰን ሐሳብ አቀርባለሁ፤ ሒሳቡን የሚመረምሩ ሁለት አባላት ከሥራ አስፈጻሚው ውጪ ይመረጡ፤ ሪፖርቱም ከአሁን በኋላ ሦስቱን ጥያቄዎች ይመልስ። ትንሽ ሣጥን ናት። ግን የራሳችንን ሣጥን ሳንጠይቅ የአገር ሣጥን እንዲጠየቅ መመኘት አያምርብንም።

 

(ከሰዓት በኋላ በተደረገው ጠቅላላ ጉባኤ ሁለቱም ሐሳቦች ቀርበው ጸድቀዋል። ከዚያ በፊት ግን ስድስት ሰዎች ጥያቄ ጠይቀዋል።)